ወራጅ አለ

ከንጋቱ አሥራ ሁለት፣ ፒያሳ ላይ ስቆም፣
«ለገሃር! ለገሃር!» ስል ከእኔ የሚቀድም
ጉሮሮ አልነበረም።
ድምፄ ይቀድም ነበር ታክሲውን፣ ቁልቁለት፣
ቸርችልን ጨርሶ እስከ ፖስታ ቤት።

ማታ ግን፣ አሥራ አንድ ሰዓት አለፍ ሲል፣
አፌ ውስጥ ያለ ቃል እንደ ጨው ይሟሟል፤
«ለገ…» ብዬ እጀምራለሁ፣ «ሃር» ይቀራል።
የግራ ዓይኔ ቆብ፣ እኔን ሳያስፈቅድ፣
እንደ ሱቅ ቆርቆሮ ይጀምራል መውረድ።
አንዲት ተሳፋሪ፣ ቦርሳዋን አጥብቃ፣
«መርቅኗል» አለች፣ ጥግ ላይ ተጣብቃ።
«ጠጥቷል» አለ ሌላው። እውነት ነው፤ ያን ዕለት
ውኃ ጠጥቼ ነበር፣
በአፍንጫዬ የወጣ፣ መንገዱን በመሳት።

ሒሳብ ስሰበስብ ብሩ መንታ ሆነ፤
የሰጠኝም ሰው መንታ፤ መልሱ ለየትኛው እንደሆነ
ጠፋኝ። ለግራው ዘረጋሁ፤ እጄ አየር ጨበጠ።
ጋሽ ከተማ በመስተዋት አየኝ፣ ማርሽ እየለወጠ፤
«ሽብሩ፣ ሃያ ሁለት ዓመት መሪ ጨብጫለሁ፤
እንቅልፍ ያጣ ዓይን አውቃለሁ፤
ይሄ እንደዚያ አይደለም።»

እናቴ ጠበል አመጣች፣ ጠጣሁ። ጥቁር አንበሳም
ቀጠሮ ሰጡኝ፣ ሄድኩ። ሁለቱን አላጣላኋቸውም።

ዶክተር ትርሲት በረዶ በጓንት ቋጠረች፣
የወደቀው ቆብ ላይ በቀስታ አኖረች፤
ሁለት ደቂቃ ቆይታ ስታነሳው፣
ዓይኔ ተከፍቷል፤ ጣሪያውን አየሁት፣ አምፖሉም አንድ ነው።
«እስከ ሃምሳ ቁጠር» አለች። ጀመርኩ፣ እንደ ጠዋቱ፣ በኃይል፤
ሠላሳ ሁለት ላይ ድምፄ ወረደ፣ ሳይከፍል።

ሥራዬን ጠየቀችኝ፤ ነገርኳት። ትንሽ አሰበች።
«ነርቭህ ይጣራል፤ ጡንቻህም ሰልፍ ይዟል፤» አለች፤
«መሃል የቆመው ግን፣ የገዛ ደምህ ተራ አስከባሪ፣
ቤተኛውን ባዳ ብሎ
ይገፈትራል በሩ ላይ፣ መግቢያውን ከልሎ።»
ማያስቴኒያ አለችው። ስሙን ሦስቴ አስደገምኳት፤
ተራ አስከባሪውን ግን ገና ስትጠራው አወቅኩት።

አሁን በሰዓት ነው የምኖረው፤
አሥራ ሁለት፣ አራት፣ ስምንት፤
ክኒኔን እውጥና እጠብቃለሁ፣
ምሳ የምበላው መንጋጋዬ ሲነቃ ነው።
«አያድንህም» ብላኛለች፤ «በሩን ገርበብ ያደርጋል።»
ሌላው ክኒን ተራ አስከባሪውን ያባብላል፤
ፊቴን ግን ያሳብጣል።
«ወፈርክ፣ ተመቸህ!» ይለኛል ሰፈርተኛው፤
ጨው የሌለው ሽሮዬን ማን አየው?

ፋርማሲ ስገባ አስቀድሜ የበሽታዬን ስም እናገራለሁ፤
ሌላውን የሚያድን መርፌ እኔን ሊጥለኝ እንደሚችል አውቃለሁ።
አንዳንዴ መስኮቱ ላይ «አልቋል፣ ሰኞ ሞክር» እባላለሁ፤
ሰኞ ሩቅ ነው።
ከቀጠሮ ጓደኛዬ ከስንዱ አሥር ፍሬ እበደራለሁ።

የኪስ ደብተሬ የመጀመሪያ ገጽ ላይ፣ በእሷ ጽሑፍ፣
«ትንፋሽህ ካጠረ ተራ አትጠብቅ፤
ሌሊትም ቢሆን ና፣ አትሳቀቅ።»
ዕድሜዬን ሙሉ «በሰልፍ! በሰልፍ!» ሲሉኝ ኖረው፣
ሰልፍ ጣስ ያለችኝ እሷ ብቻ ናት።

የምጣራው እስከ ስድስት ሰዓት ነው። ከዚያ ሌላ ልጅ ይተካል።
ትናንት ማታ በዚያው ታክሲ፣ ከኋላ ወንበር፣
እንደ ሰው ሁሉ ከፍዬ ተቀምጬ፣
ቴዎድሮስ አደባባይን ልናልፍ ስንል አፌን ከፈትኩ፤
ምንም።
ሳንቲም አወጣሁና የመስኮቱን ብረት ሁለቴ መታሁ።
ጋሽ ከተማ፣ ዞር ሳይል፣ «ወራጅ አለ!» ብሎ ጮኸልኝ፤
ፍሬን ያዘ።
በሩን ሳልዘጋው ወረድኩ፤
ክንዴን ለእራት አስቀመጥኩ።